ያልተቀበረ ዘር

የሰለሪ ዘር መዳፍ ላይ ሲፈስ ዘር አይመስልም፤ ቡናማ ብናኝ ነው። አንድ ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ይገባል። ክብደቱ ከጤፍ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጤፍ ሲዘራ እያየ ያደገ ሰው ሰለሪንም የሚያውቀው ይመስለዋል። የጤፍ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ፣ በብዙ ቦታም ከብት እየነዳ አስረግጦ ካደላደለ በኋላ ዘሩን ላዩ ላይ ይበትነዋል፤ አፈር ቢያለብሰውም በስሱ ነው። ሰለሪም እንዲሁ ላይ ላዩን ይዘራል። ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ጤፉ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በጥቂት ቀናት ማሳውን ያለመልመዋል። ሰለሪው ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል።

በክብደት የሚተካከሉ ሁለት ዘሮች ናቸው፤ አፈሩና ውኃውም አንድ ሊሆን ይችላል። ታዲያ አንዱ የሚፈጥንበት፣ ሌላው የሚቆይበት ምክንያት ምንድን ነው? ካምፓላ ውስጥ፣ ቡጎሎቢ በሚባለው ሰፈር፣ በቤቴ ጓሮ ሰለሪን ከዘር ማብቀል ከጀመርሁ ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። መጀመሪያ የአትክልተኛ ጥያቄ ነበር። እየቆየ ግን ስለ መጠበቅ፣ ስለ መሸፈንና ስለ ማሳደግ ሳልመረምር የያዝኋቸውን እምነቶች ይነካካ ጀመር።

የእጽዋት ሊቃውንት መልሱን ያውቁታል። ጤፍ እንደ ሣር ወገኖቹ ሁሉ ሽሉ ተሟልቶ ከእናቱ ይለያል፤ ሥሩም ቡቃያውም ተሰናድቶ ውኃ ይጠብቃል። ሰለሪ ግን የካሮት፣ የድንብላል፣ የእንስላልና የነጭ አዝሙድ ዘመድ ነው። በዚህ ቤተሰብ ዘሩ ከእናቱ ሲረግፍ ሽሉ ገና አልደረሰም፤ የተያዘለት ስንቅ ከራሱ ከሽሉ በብዙ ይበልጣል። ውኃ ከጠጣ በኋላ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ስንቁን እያሟሟ ማደግ አለበት። ቁመቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ከሆነ በኋላ ነው ሥሩ ቅርፊቱን ቀዶ የሚወጣው። እኛ «አልበቀለም» እያልን የምናልፋቸው ሳምንታት የዚህ ተክል ከባዱ ሥራ የሚሠራባቸው ናቸው። ዘሩ አልተኛም። ሌላው ዘር በእናቱ ዘለላ ላይ ሳለ የጨረሰውን እሱ ለብቻው፣ ባረፈበት አፈር ላይ እየጨረሰ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ትዕግሥትን የማይበት ዓይን ተለወጠ። እኛ ትዕግሥትን አብዝተን እናወድሳለን፤ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» እንላለን። ምሳሌውን ልብ ብሎ ለሰማው ግን ዘጠኝ ወር የተሸከመችውም ያማጠችውም እሷ ናት፤ ምስጋናውን የወሰደው የጠበቀው ሰው ነው። እኔም በሰለሪው ሳጥን አጠገብ ቆሜ «ታግሼ አበቀልሁት» ብል ያንኑ መድገሜ ነው። የእኔ መታገሥ ለሽሉ አንዲት ጠብታ አይጨምርለትም። ብበሳጭም፣ ተስፋ ብቆርጥም፣ ውኃውን እስካላቋረጥሁበት ድረስ ዕድገቱ አይጓደልም። ልጅን፣ ተማሪን፣ ከሐዘን ቀስ እያለ የሚያገግምን ሰው «ታገሥነው» ስንል ሌላው የደከመበትን በራሳችን ስም የምንመዘግብበት ጊዜ ብዙ ይመስለኛል። ዝም ባለው ሰው ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ስላላየነው፣ የታየን የራሳችን መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ የአትክልተኛው ድርሻ ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

አንዱ አለመቅበር ነው። ይህ ደቃቅ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ባቄላ ጠለቅ ብሎ ቢቀበርም ወደ ላይ የሚያደርሰው ስንቅ አለው፤ ሰለሪ የለውም። ጥቂት ጣት ከሚያህል ጥልቀት ተነሥቶ ልውጣ ቢል ፀሐይ ሳያይ ስንቁ ያልቅበትና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ማወቅ አለበት። የሚያውቀውም በብርሃን ነው። በዘሩ ውስጥ ሳይንሱ ፋይቶክሮም የሚለው፣ ብርሃን የሚቀበል ቀለም አለ። ከፀሐይ ብርሃን ቀዩ ክፍል ሲያርፍበት ይለወጣል፤ በዚያ ለውጥ ሽሉ ከላይ ያለው አፈር ስስ መሆኑን ይረዳል። ብርሃኑ ካልደረሰው ዝም ይላል። አፈር ውስጥ ዝም ያለ ዘር ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ብዙው የማይችለውን መንገድ አልጀምርም ያለ ነው።

በወንጌሉ የዘሪ ምሳሌ፣ በመንገድ ዳር የወደቀው ለወፍ፣ ጥልቅ አፈር በሌለው ጭንጫ ላይ የወደቀው ለፀሐይ ይዳረጋል። ይህ ለስንዴና ለገብስ አገር የተነገረ ነው፤ ለእኛም አገር ለመረዳት አይከብድም። ለዚህም ይመስላል ጥልቀትን ሁልጊዜ ከደግነት ጋር፣ ላይ ላዩን መሆንን ከከንቱነት ጋር ማያያዝ የለመድነው። ሰለሪ ግን ለሌላ ዓይነት ጥፋት ምስክር ነው፤ በደግ እጅ፣ በመልካም አፈር፣ በመሸፈን ብዛት ለጠፋው ዘር።

እዚህ ላይ ካደግሁበት ቤት ጋር እጋጫለሁ። እኛ ዘንድ መውደድ መሸፈን ነው። ሕፃን ይጠቀለላል፤ ዓይን እንዳያገኘው ፊቱ ይከደናል። ለታመመ ጋቢ ይደረብለታል፤ የቤት ገበና ይሸፈናል፤ ሊጥ እንኳ ተከድኖ ነው የሚያድረው። ስለ ዘሩ በስልክ ስነግራት እናቴ መጀመሪያ ያለችኝ «ምነው ልጄ፣ አፈር አታለብሺውም እንዴ?» ነው። ሳይሸፈን የቀረ ለእሷ የተጣለ ነው፤ በዚህም አልፈርድባትም። እኔን ያሳደገችኝ ይኸው እምነቷ ነው። ነገር ግን መሸፈን የሚያድናቸው እንዳሉ ሁሉ መሸፈን የሚያስቀራቸው መኖራቸውን፣ ሁለቱን መለየትም የአሳዳጊው ዋና ሥራ መሆኑን ይህ ብናኝ አስረግጦ ነግሮኛል።

ሁለተኛው ድርሻ አለማድረቅ ነው። ለብርሃን የተተወ ዘር ለነፋስና ለፀሐይም የተተወ ነው። ሽሉ እያደገ ሳለ የላዩ አፈር ቢደርቅ ሥራው ይቋረጥበታል፤ ሥሩ ብቅ ካለ በኋላ ከደረቀማ ይሞታል። ባይቀበር ይደርቃል፤ ቢቀበር ብርሃን ያጣል። ከላይ ውኃ ቢያፈሱበት ደግሞ ጎርፉ ይዞት ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። የሚያዋጣው ዘዴ ቀላል ነው። የተነፋ ብስባሽና አሸዋ የተቀላቀለበትን ሳጥን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ፤ አፈሩ ከሥር ወደ ላይ እየሳበ ይጠጣል። ዘሩን ላዩ ላይ በትኖ በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግ፤ ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ወይም መስተዋት መክደን። ክዳኑ እርጥበቱን ይይዛል፤ ብርሃኑን አይከለክልም። በየዕለቱ ጥቂት ገለጥ አድርጎ አየር መስጠት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሻጋታ ይቀድማል።

ቡጎሎቢ ለዚህ ሥራ ምቹም አስቸጋሪም ናት። ካምፓላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እምብዛም አትርቅም፤ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ቀን እስከ 28 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሌሊት ወደ 17 ይወርዳል። ሰለሪ ሲበቅል የሚወደው ከ15 እስከ 20 ያለውን ነው፤ ሙቀቱ ወደ 30 ሲጠጋ ሊነሣ የነበረው ዘር ተመልሶ ያንቀላፋል። በቆርቆሮ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሳጥን በቀትር ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ቦታው ፀሐይ በቀጥታ የማይደርስበት፣ የሲሚንቶው ወለል ሌሊት የቀዘቀዘውን ይዞ የሚያረፍድበት በረንዳ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚወርደው ነጎድጓዳማ ዝናብ ደግሞ አንዱ ጠብታው ለሺህ ዘር ይበቃል፤ ላይ ላዩን የተዘራን ነገር ያለ ጥላ ደጅ ማሳደር አይቻልም።

ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ስታየኝ ከቆየች በኋላ «ኛቦ፣ ባዶ አፈር ነው እኮ የምታጠጪው» አለችኝ። የአክብሮት ቃል ጨምራ፣ ከልቧ ተጨንቃልኝ ነው የተናገረችው። እሷ ናካቲና ዶዶ የሚባሉትን ቅጠሎች ከዘር ታበቅላለች፤ ሁለቱም ፈጣን ናቸው። የኑሮዋ መሠረት ግን ከዘር አይነሣም። ማቶኬ የሚባለው ሙዝ ከእናቱ ሥር በሚወጣው ልጅ ይተከላል። ስኳር ድንቹ በሐረጉ፣ ካሳቫው በግንዱ ቁራጭ፣ ማዩኒ የሚሉት ጎደሬም በራሱ አካል ይቀጥላል። የሚበላው ሙዝ ፍሬው ውስጥ የሚበቅል ዘር የለውም፤ የቡጋንዳ የሙዝ እርሻ ግን በልጅና በልጅ ልጅ እየተተካ ሰውን ሲያሸብት ይኖራል። በእኛም አገር ጉራጌና ሲዳማ በእንሰት ይህን ኑሮ ያውቁታል።

ከአካል በሚነሣ ተክልና ከዘር በሚነሣ ተክል መካከል ያለው ልዩነት ከእርሻ ዘዴ የሚያልፍ ይመስለኛል። ሙዝ ሲተከል የማይታይበት ጊዜ የለም፤ እናቲቱም ልጁም ዓይን ፊት ናቸው። በዘር ግን እናቲቱ የሞተችበት፣ ልጁ ያልታየበት ክፍተት አለ። የደጋው ገበሬ በየዓመቱ ያንን ክፍተት ይሻገራል፤ ለመብላት የሚበቃውን እህል ከልጆቹ አፍ ነጥቆ መሬት ላይ ይበትናል። የጤፍ ክፍተት አጭር ነው፤ የሰለሪ ረጅም። ጎረቤቴ «ባዶ አፈር» ያለችው ይህን ነው። ትክክል ነበረች፤ በዚያ ሰዓት በዓይን ለሚያይ ሰው ሌላ ምንም አልነበረም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለሰለሪ ይገባዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። በካምፓላ የጓሮ እርሻ የመዝናኛ ጉዳይ ሆኖ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1979 በነበረው የኢዲ አሚን ዘመን ገበያው ሲፈርስ የከተማው ሰው በየጓሮው፣ በየመንገዱ ዳር ማረስ ጀመረ። ዳንኤል ማክስዌልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በከተማይቱ የሚያርሱ ቤተሰቦች ልጆች ከማያርሱት ይልቅ በቁመታቸው የተሻለ አመጋገብ እንደሚታይባቸው አሳዩ። ለዓመታት እንደ ሕገ ወጥ ሲቆጠር ለኖረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 የከተማ ግብርና ደንብ ወጣለት። ይህ ሁሉ የማቶኬ፣ የጎደሬና የዶዶ ታሪክ ነው። ሰለሪ 95 በመቶው ውኃ ነው፤ የራበው ልጅ አይጠግብበትም። በዚህ አፈር ላይ ጎመን ቢሆን ኖሮ ብዬ ያሰብሁበት ጊዜ አለ፤ የመደቡ ሰፊ ክፍል የጎመን የሆነውም ለዚህ ነው። ለሰለሪው የሰጠሁት አንድ ጠርዝ ነው። በጾም ቀን የምስር ሾርባ ውስጥ ሲገባ የሚሰጠውን መዓዛ ግን ሌላ ቅጠል አይሰጥም። ሰው ለሆዱ ብቻ ካረሰ ድካሙ ይከብደዋል፤ ለጣዕምም ጠርዝ መተው አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ሰለሪ በዘሩ የረግረግ ተክል ነው፤ ሥሩ ጥልቅ አይሄድም፤ ውኃ ሲያንሰው አገዳው ጭራም ሆኖ ይመራል። ከኮረብታችን ግርጌ የተዘረጋው የናኪቩቦ ረግረግ ከሩቅ ሲያዩት የተፈጠረለት ቦታ ይመስላል። ሆኖም የናኪቩቦ ቦይ የከተማይቱን ፍሳሽ ይዞ በዚያ በኩል ነው ወደ መርቺሰን ባሕረ ሰላጤና ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወርደው። ረግረጉ ያንን ፍሳሽ እያጣራ ሐይቁን ሲጠብቅ ኖሯል። ጥሬውን የሚበላ፣ ውኃ የሚጠጣ ቅጠል እዚያ መትከል ለበላተኛው ጤና አይበጅም፤ የቀረውን ደንገል እየመነጠሩ መደብ ማውጣትም ረግረጉን ይጎዳዋል። ከላይ በጓሮ፣ በቧንቧ ውኃና በጉዝጓዝ ማብቀሉ ይሻላል።

የጥንት ሰዎችም ሰለሪን ለሆድ ብለው አላከበሩትም። እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ በተገኙት የአበባ ጉንጉኖች ላይ የዱር ሰለሪ ቅጠል ነበረ። በግሪክ በነሜያ ውድድር ያሸነፈ ሰው የሚደፋው አክሊል የዱር ሰለሪ ነበር፤ ያው ቅጠል የመቃብር ማስጌጫም ነበር። የቆሮንቶሱ ጦር መሪ ቲሞሌዎን በሲሲሊ ሠራዊቱን ይዞ ሲጓዝ ሰለሪ የጫኑ በቅሎዎች ቢያጋጥሙት ወታደሮቹ የሞት ምልክት ነው ብለው ደነገጡ። እሱ ግን የአሸናፊ አክሊል ነው ብሎ ከቅጠሉ ራሱ ላይ ደፋ።

የነሜያ አክሊል የመጣበት ታሪክ ነው ይበልጥ የሚይዘኝ። የነሜያው ንጉሥ መራመድ ሳይጀምር ምድር እንዳይነካ የተነገረለት ሕፃን ነበረው፤ ስሙ ኦፌልቴስ ነው። ሞግዚቱ ሂፕሲፒሌ ለተጠሙ ጦረኞች ምንጭ ልታሳይ ስትሄድ ትእዛዙን አልረሳችም። ባዶ መሬት ላይ አላስቀመጠችውም፤ በምንጩ ዳር በለመለመው የዱር ሰለሪ ላይ አስተኛችው። ስትመለስ እባብ ገድሎት አገኘችው። ውድድሩ ለእሱ መታሰቢያ ሆነ፤ ዳኞቹም የሐዘን ልብስ ይለብሱ ነበር። ታሪኩን የሚያነቡ ብዙዎች ሞግዚቷን ይወቅሳሉ። እኔ የምትችለውን ያህል የታዘዘች ሴት አድርጌ ነው የማያት። ሕፃኑን ከመሬት የለየው ቅጠል እባቡንም ሸሸገው። ጠባቂ የመረጠው መሸፈኛ ለአደጋውም መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ከዚህ የከፋ ታሪክ አላውቅም።

ሰለሪ ካደገ በኋላ ደግሞ አትክልተኞች ተመልሰው ብርሃኑን ይነሡታል። በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። ከመሰብሰቡ በፊት ባሉት ሳምንታት አገዳው በወረቀት ይጠቀለላል ወይም አፈር ይታቀፍበታል፤ ሲነጣ ምሬቱ ይቀንሳል፣ ይለዝባል። ሥራው ጥበብ ነው፤ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ቢያደርገው አልቃወምም። እኔ ግን አልጠቀልለውም። ለመነሣት ብርሃን የጠየቀን ተክል በመጨረሻው ላይ በጨለማ አላጣፍጠውም፤ ምሬቱ ሾርባ ውስጥ ይገባል፤ የሚገባው ቦታም እዚያ ነው።

የቀረው የዘሩ ጉዳይ ነው። ሰለሪ በተፈጥሮው የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ አድጎ፣ ብርድ አሳልፎ፣ ከዚያ ያብባል። ለማበብ ከ10 ዲግሪ እምብዛም የማይበልጥ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ማግኘት አለበት። በቀዝቃዛ አገር ያሉ አትክልተኞች ችግኙ ገና ሳያድግ ብርድ ቀምሶ እንዳያብብባቸው ይሠጋሉ። ቡጎሎቢ ይህ ሥጋት የለባትም፤ ከ17 ዲግሪ እምብዛም የማይወርድ ሌሊት ብርድ አይባልም። የውጩን አገዳ እየቀነጠስሁ ብዙ ወር እበላለሁ፤ ተክሉ ግን አያብብም፣ ዘርም አይሰጥም። ሥሩን ውኃ ላይ ቢያስቀምጡት ጥቂት ቅጠል ያወጣል፤ እሱም ያው አሮጌው ተክል ነው። ስለዚህ በተዘራ ቁጥር ዘር ወደሚሸጥበት ወደ ኮንቴይነር ቪሌጅ ወርዶ ከሌላ አገር የመጣ ፓኬት መግዛት ነው።

ይህ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለዓመታት የመሩትና በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ ከዓመት ዓመት እየተዘራ መጠበቅ እንዳለበት አምነው አጥብቀው ሠርተዋል። እየተዘራ የሚኖር ዘር ከቦታው ጋር ይለማመዳል። የእኔ ሰለሪ ግን ቡጎሎቢን ቢያውቃትም እውቀቱን ለማንም አያወርስም፤ በእያንዳንዱ ፓኬት ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

ደብረ ብርሃን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። እዚያው ዘር ገዝታ እንድትዘራ፣ አፈር እንዳታለብሰው፣ ካደጉላት መካከልም ጥቂቱን ሳትቆርጥ በብርዱ እንድታሳልፍ ለምኛታለሁ። ብርዱ ካለፈ በኋላ ረጅም አገዳ ይልካሉ፤ ጫፋቸው ላይ ጃንጥላ የመሰለ ነጭ አበባ ይዘረጋል፤ ዝንቦችና ንቦች ይመጡበታል። ዘሩ ቡናማ ሲሆን በጨርቅ ላይ ታራግፈዋለች። ወዲያው እንዳትልክልኝ ግን ነግሬያታለሁ፤ ድንበር ለመሻገርም የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማውጣት ይኖርባታል። ዘሩ መቆየት ያለበት የሰለሪን ቅጠል በነቁጥ የሚያደርቀው ሻጋታ በላዩ ተቀምጦ ስለሚተላለፍ ነው። ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሁለት ዓመት ከቆየ ሻጋታው ይሞታል፤ ዘሩ አይሞትም።